ውሃው ሳያልቅ

ይህን ነገር ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆኖታል። የነገሩኝ ሰዎችም ሁሉም አንድ ዓይነት አልነገሩኝም። ስለዚህ አንዳንዱን ተሳስቼ ጽፌው ይሆናል። ዳኛው የለበሰው ካባ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ቀኑ ሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ጣጣ አለው። ዋናውን ነገር ግን አልረሳሁትም። ልርሳውም ብል አይለቀኝም።

በዚያ አገር ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው በውሃ ልክ ነበር። ጠያቂው በእጁ ትንሽ ቅል ይይዛል፤ ቅሉ ከታች ቀዳዳ አለው። ጥያቄው ከአፉ እንደ ወጣ ቀዳዳውን የደፈነበትን ጣቱን ያነሣና ውሃው መፍሰስ ይጀምራል። ተጠያቂው ዓይኑን ከጠያቂው ዓይን ሳይነቅል፣ ውሃው ሳያልቅ መመለስ አለበት። ውሃው የሚቆየው አንድ ጎልማሳ ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ ነው። የመለሰ «እውነተኛ» ይባላል። ውሃው ያለቀበት ግን ከዚያ በኋላ የሚናገረው ቃል ወርቅ ቢሆን እንኳ አይጻፍለትም፤ መዝገቡ ላይ «መልስ የለውም» ተብሎ ይሰፍራል።

ሕጉ የመጣው ከአንድ የድሮ ንጉሥ ነው አሉ። ንጉሡ አማካሪውን «ታማኜ ነህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አማካሪው ጥቂት አሰበና «ነኝ» አለ። በዚያው ዓመት ከዳው። ንጉሡ ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር የሚያስብ ሰው ይዋሻል የሚለውን ነው። አማካሪው ፈጥኖ ቢመልስም ይከዳው እንደነበር የነገረው ሰው የለም፤ ያንን ለማስረዳት ከሦስት ትንፋሽ በላይ ይፈልግ ነበርና።

ሹመትም በዚሁ ነበር። የመንገድ ሹሙ የተሾመው «አዲሱ መንገድ ወዴት ይሂድ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ጠብታ ሳይወርድ «ወደፊት» ስላለ ነው። መንገዱም ወደፊት ተሠርቶ ተሠርቶ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። የመድኃኒት ሹሙ በሽተኛው በር ላይ ሳለ ገና ሳያየው በሽታውን የሚናገር ሰው ነበር። ሲሳሳቱ የሚቆጣቸው አልነበረም። የተሳሳቱት ፈጥነው ነውና።

ልጅ ሁሉ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አደባባይ ይወጣና ነጋሪት እየተጎሰመ ይጠየቃል። ውሃው ያለቀበት ልጅ ከከተማው ዳር በእሾህ አጥር ወደተከበበው ሰፈር ይወሰዳል። ሹሞቹ «የዕረፍት ሰፈር» ይሉታል። ምግብ ይገባል፣ ልብስ ይገባል። ሆኖም ማንም እዚያ ያሉትን አንዲት ጥያቄ እንዲጠይቃቸው አይፈቀድም። መልስ የሌለው ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል ነው ነገሩ። እንግዲህ «እንዴት አደርሽ?» ማለትም ጥያቄ ነው። ስለዚህ እዚያ የገባ ልጅ እስኪሞት ድረስ እንዴት አደርክ የሚለው የለም።

የእነዚህን ቅሎች ቀዳዳ የሚበሳው አዳሙ የሚባል ሰው ነበር። ከመንግሥት የተሰጠው አንድ ወስፌ አለው፤ ውፍረቱ በሕግ የተለካ ነው። ቅሉን ያደርቃል፣ ይፍቃል፣ በወስፌው ይበሳል፣ በውሃ ይሞክራል፣ ለፍርድ ቤት ያስረክባል። አባቱም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ነው የሞተው። አዳሙ ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ በሠላሳ ዓመት አንድ ቅል ተበላሽቶበት አያውቅም። በዚህም ይኮራ ነበር።

አዳሙና ሚስቱ የሺመቤት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ስሟ ትርንጎ ነው። ትርንጎ ስትጠየቅ ትመልሳለች። መልሷም ትክክል ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። እናቷ ጠዋት «ቀዩን ቀሚስ ነው ወይስ ሰማያዊውን?» ብላ ከጠየቀቻት፣ ልጅቱ የቅል ፍሬ በትልቁና በትንሹ እየለየች ስትደረድር ትቆይና ምሳ ሰዓት ላይ «ሰማያዊውን» ትላለች። የቤቱ ሰው ለምዶታል። የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰ ያውቃሉ፣ አንዳንዴም ይሳሳቁበታል። ሰው ሲበዛባት ጆሮዋን ትይዛለች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። የሰው ዓይን ስታይ፣ ራሷ እንዳለችው፣ «ዓይኑ ይጮኽብኛል፤ የሚለውን አልሰማም»።

ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሊሞላ ስምንት ወር ሲቀረው አዳሙን ፍርሃት ያዘው። የፈራ ሰው እንደሚያደርገውም አደረገ፤ ያንኑ የሚያስፈራውን ነገር ቤቱ አስገባ። አንድ ቅል አስቀረና ጠዋትና ማታ ልጁን ያሠለጥናት ጀመር።

«ስምሽ ማን ነው?»

ውሃው ያልቃል።

«ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ የኔ ልጅ። ስምሽን ታውቂዋለሽ። እንደገና። ዓይኔን እዪኝ።»

ውሃው ያልቃል።

በሁለተኛው ወር ትርንጎ እጇን መንከስ ጀመረች። በሦስተኛው ወር አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ የምትመልሰውንም መልስ ተወች።

የሺመቤት ቅሉን አንሥታ ደጅ ወረወረችው። «አንተ ሰው፣ ቤታችንን ፍርድ ቤት አደረግኸው። ስትወጣ የሚጠብቃት ዳኛ መች አነሳትና ነው አንተ ደግሞ እቤት የምትሾምባት?»

«ለእሷ ብዬ ነው።»

«ዳኛውም ለእሷ ብዬ ነው የሚለው።»

አዳሙ መልስ አልነበረውም። ቅል ባለመኖሩ ብቻ ሳይመዘገብ ቀረ።

ጎረቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ የቅሉን መሰበር ሰምተው መጡ። ልጃቸው ከአጥሩ ወዲያ ከገባ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የቅሉን ስባሪ በበትራቸው እየነካኩ፣ «እኔም እንደዚሁ አሠልጥኜዋለሁ» አሉ። «ጎበዝ ነበርኩ። ቀን ከሌት ነው የጠየቅሁት። ልጄ የገባው በእነሱ ውሃ አይደለም፣ በእኔ ነው። አደባባይ ሲደርስ የቀረ ነገር አልነበረውም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ እትዬ?» አለ አዳሙ።

«እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቢሆንም ልንገርህ። ነገ የሚሆነውን ሁሉ ዛሬ ንገራት። ማን እንደሚመጣ፣ የት እንደምትቆም፣ ስንት ጊዜ እንደምትጠየቅ። ድንገተኛ ነገር አይሁንባት። አደባባዩን ባዶውን ወስደህ አሳያት፣ እስኪበቃት ትዙረው። ጆሮዋን በጥጥ ድፈንላት። ስትወዛወዝ አትያዛት፣ ራሷን እየያዘች ነው። አንድ ነገር ጠይቅና ዝም በል፤ ዝም ማለት እንደሆነ ለእናንተም ሥልጠና ይሆናችኋል። ደግሞ ሲከብዳት መዳፏን ታንሣ። መዳፍ ከተነሣ ሁሉም ነገር ይቁም። ማንም ለምን አይበላት።»

«ይህን ሁሉ ለልጅዎ አድርገውለት ቢሆን—»

«ተወው አዳሙ። የኔን አትጠይቀኝ፤ ውሃ የለኝም።»

ያሉትን አደረጉ። አዳሙ ማታ ማታ ከልጁ ጎን ይቀመጥና የነገውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በቅደም ተከተል ይነግራታል። ገበያ በማይቆምበት ቀን ወደ አደባባዩ ወሰዳት። ትርንጎ ዙሪያውን በእግሯ ለካች፣ የዳኛውን ወንበር ነካች፣ ነጋሪቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደ ቤት እንሂድ አለች። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ስሜ ትርንጎ ነው» አለች። የሺመቤት ወጡን ትታ ወደ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆይታ ወጣች።

መዳፏንም አነሣች። ዘመዶች ተሰብስበው ሲያወሩ መዳፏን አነሣችና ወጣች፤ ከዛፍ ሥር ተቀመጠች፣ ተወዛወዘች፣ ተመልሳም መጣች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ቀን የሚያልቀው በመንከስና በልቅሶ ነበር። ልጅቷ ደህና ነበረች ማለት ነው። የሚያስፈልጋትም ይህ ብቻ ነበር፤ ጊዜና ትንሽ ጸጥታ። ይህን ለመስጠት አንድ አገር ምን ይጎድልበታል? እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል።

አዳሙ አቤቱታ ጽፎ ወደ ውሃው ዳኛ ሄደ። የውሃው ዳኛ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ሲናገር ቃሎቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

«ነጋሪቱ እንዲቀር፣ ጆሮዋን እንድትደፍን፣ ዓይን እንዳታይ፣ ቅሉ ሦስት ጊዜ እንዲሞላ። ሌላስ? አልጋ እናምጣላት?»

«ጌታዬ፣ ልጄ መልሱን ታውቀዋለች። ጊዜ ብቻ ነው የምትፈልገው።»

«ለአንዷ ከተፈቀደ ሁሉም ያስብ ሊል ነው። አገር በምን ይቆማል?» ዳኛው ድንገት ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ስማ፣ አንድ አንቀጽ አለ። እንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንዴ ተአምር ይችላሉ። ተአምር ያለው ምሕረት ያገኛል ይላል። ኮከብ ትቆጥራለች?»

«አትቆጥርም።»

«ያለፈውን ዘመን ቀን በቃሏ ታወጣለች? አንዴ የሰማችውን ዜማ ትደግማለች?»

«ዜማ አትወድም።»

«ታዲያ ለምኗ ነው የምንምራት?»

«ልጅ ናት» አለ አዳሙ።

«እሱማ ሁሉም ልጅ ነው» አለ ዳኛውና አቤቱታውን አጥፎ መለሰለት።

አዳሙ ቤቱ ገብቶ ሥራው ላይ ተቀመጠ። ወስፌውን አነሣ። ስንት ቅል እንደበሳ አሰበ፤ በየቅሉ ስንት ልጅ እንደተጠየቀም አሰበ። የእትዬ ማንጠግቦሽን ልጅ የጠየቁበትን ቅል የበሳው እሱ ነው። ያን ጊዜ ቅሉ ጥሩ ወጥቶለት ተደስቶ ነበር። ወስፌውን አስቀመጠና የሚስቱን መስፊያ መርፌ አንሥቶ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕግ የቀጠነ ቀዳዳ በሳ። ውሃ ሞላና ሞከረው። ሠላሳ ትንፋሽ ቆየ። በትርንጎ ቀን የሚቀርበውን ቅል የሚያስረክበው እሱ ነው፤ የሚጠረጥረው የለም።

ለየሺመቤት ነገራት። ለትርንጎ ግን አልነገራትም። ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም ሥራው ስላሳፈረው። የቀኑን ነገር ሁሉ፣ ነጋሪቱን፣ ሦስቱን ጥያቄዎች፣ የት እንደምትቆም፣ ሲያልቅ በየት በኩል እንደሚወጡ ስምንት ጊዜ ነግሯታል። ስለ ቅሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሌላም የዘነጋው ነገር ነበር። ሦስቱ ጥያቄዎች ካለቁ በኋላ ዳኛው ቅሉን ከፍ ያደርግና «ቅሉ እውነተኛ ነው?» ይላል፤ ልጁም «እውነተኛ ነው» ይላል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በዚያ አገር ይህን ጥያቄ ብሎ የሚቆጥር ሰው አልነበረም፤ እንደ ማሳረጊያ ነው የሚሰማው። አዳሙ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ጥያቄ መሆኑ ትዝ አላለውም።

ቀኑ ደረሰ። ትርንጎ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ በነጠላዋ ሥር ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ቆመች። ነጋሪቱ ተጎሰመ። ዳኛው ጣቱን አነሣ።

«ስምሽ?»

ልጅቱ ዓይኑን የምታይ እየመሰለች የዳኛውን ካባ የአንገት ቁልፍ እያየች ቆመች። ሕዝቡ ትንፋሹን መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውሃው አላለቀም። ሰባት፣ ስምንት። «ትርንጎ አዳሙ» አለች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የየሺመቤትና የአዳሙ።»

«ለአገርሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ይህ ረዘመ። መዝገብ ጸሐፊው ቅሉን ጠርጥሮ አየ። «የቅል ፍሬ እለያለሁ» አለች። «ትልቁ ይተከላል። ትንሹ ይበላል።»

የሺመቤት የባሏን ክንድ ጨበጠች። አልቋል ብለው ነበር። ዳኛው ቅሉን አስሞላና ከፍ አደረገው።

«ቅሉ እውነተኛ ነው?»

ትርንጎ ቀና ብላ ቅሉን አየችው። ከሥሩ የሚወርደውን ክር የመሰለ ውሃ አየች። ሰዉ ለማጨብጨብ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«አይደለም» አለች። «ቀዳዳው ቀጭን ነው። በወስፌ አልተበሳም።»

ነጋሪቱ ቆመ። ዳኛው አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመ። የሚናገረው ጠፋበት። ውሃው ከእጁ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቆየና አለቀ። መዝገብ ጸሐፊው ሕግ አክባሪ ሰው ነውና ብዕሩን ነክሮ የዳኛውን ስም መጻፍ ጀመረ፤ ዳኛው መዝገቡ ላይ እጁን አሳረፈበት።

«ሌላ ቅል አምጡ» አለ።

በወስፌ የተበሳ ቅል መጣ። ዳኛው ጣቱን አነሣ። «ይህን ያጭበረበረ ማን ነው?»

ትርንጎ ወደ አባቷ አየች። ከዚያ መዳፏን አነሣች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

በሕጉ መጽሐፍ ስለ መዳፍ የተጻፈ ነገር አልነበረም። መዝገቡ ላይ «መልስ የላትም» ተብሎ ተጻፈ። ከብዷት ነው መዳፏን ያነሣችው ወይስ አባቷን ላለመጥራት፣ የነገሩኝ ሰዎች በዚህ አይስማሙም። አዳሙ ግን ያውቅ ነበር ይላሉ።

ዳኛው ቅሉን አስሞላና ያንኑ ጥያቄ ለሕዝቡ ደገመው። አዳሙ ወጥቶ መሐል ቆመ። «እኔ ነኝ» አለ። አንድ ጠብታ አልወረደም።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳኛው ፊቱ በራ፤ የሚያውቀው ነገር ተመለሰለት። «በጣም ፈጣን መልስ ነው። በሕጉ መሠረት ፈጥኖ የመለሰ እውነተኛ ነው፤ እውነተኛ ደግሞ አይቀጣም። ወደ ሥራህ ተመለስ።»

«ልጄስ?»

«ልጅህማ መልስ የላትም።»

«እውነቱን የነገረችህ እሷ ናት» አለ አዳሙ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ አጭበረበርኩ፣ ሚስቴ አውቃ ዝም አለች፣ አንተ ደነገጥህና ቃል አጣህ። ከዚህ ሁሉ ሰው ቅሉን ያየው አንድ ሰው ነው። ለእኔ ታጨበጭባላችሁ፣ እሷን እሾህ ውስጥ ትከቷታላችሁ። ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ ስበሳ ኖርኩ። ቅል የምበሳ መስሎኝ ነበር።»

«ረዘመብህ» አለ ዳኛው። «ይህ አይጻፍም።»

ትርንጎን ሁለት ወታደሮች ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱ። አዳሙ ከጎኗ እየተራመደ ቀሪውን ቀን ነገራት። «አሁን በሩ ጋ እንደርሳለን። በሩ ከእንጨት ነው። አንድ ዘበኛ አለ። አንቺ ትገቢያለሽ። ከዚያ እኔ እመጣለሁ።» የመጨረሻው ቃል እውነት ይሁን አይሁን ሲናገር ገና አላወቀም ነበር።

ዘበኛው ልጅቱን አስገባ። አዳሙ ሊከተል ሲል በጦሩ ዘንግ ከለከለው።

«ጋሼ አዳሙ፣ ያምዎታል እንዴ? ውሃ ያላለቀበት ሰው አይገባም። እርስዎ ደግሞ ዛሬ የተጨበጨበልዎት ሰው ነዎት።»

«ጠይቀኝ» አለ አዳሙ።

«ምን ብዬ?»

«ያሻህን።»

ዘበኛው ወጣት ነበር፤ ሳቀ። ከወገቡ ላይ ቅሉን ፈትቶ ሞላ። አዳሙ ራሱ የበሳው ቅል ነው። «እሺ፣ ቀላሉን ልጠይቅዎ። ስምዎ ማን ነው?»

አዳሙ የዘበኛውን ዓይን እያየ ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ትርንጎ ጆሮዋን ይዛ ቆማለች። አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ይመልሱ እንጂ» አለ ዘበኛው። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «ስምዎን እኮ ነው። እኔ እንኳ አውቀዋለሁ።»

ሦስተኛውን ተነፈሰ። ውሃው አለቀ።

አዳሙ ገባ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር በአጥሩ ሥር ወደተቀመጡት ልጆች ሄዶ፣ በሕግ የተከለከለውን፣ አንድ በአንድ «እንዴት ዋልሽ? እንዴት ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ጠየቀና ዝም ብሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው መልስ የመጣው በማግሥቱ ነው አሉ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት እዚያ ከኖረ ጎልማሳ። «ደህና» አለ።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ነው። የነገረኝ በዚያ በር በኩል ያለፈ ጨው ነጋዴ ነው። በዚያ ዓመት በሩ ላይ ሲጠየቁ ስማቸው የጠፋባቸው ጎልማሶች ዐሥራ ሰባት ደርሰው ነበር አለኝ፤ ሁሉም ከአጥሩ ወዲያ ልጅ ያላቸው ወላጆች። ሹሞቹ ደንግጠው፣ በበሩ ማንም ሰው ስሙን እንዳይጠየቅ አዋጅ አወጡ። የሺመቤት ዓመት ሙሉ ለልጇና ለባሏ አቤት ስትል ቆይታ፣ ቤቷን ዘግታ፣ እትዬ ማንጠግቦሽን በክንዳቸው ደግፋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ዘበኛው ስሟን መጠየቅ ስላልተፈቀደለት «እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጣቱን አነሣ።

በዚያ ከተማ እንደ የሺመቤት አፈ ፈጣን አልነበረም። ነጋዴው ሲያልፍ አፏን ገጥማ ዘበኛውን ታየዋለች፤ ውሃው ተጋምሷል። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ በቅሎዎቹ ላይ የጫነው ጨው ነው፤ መጨረሻውን ሳያይ ሄደ። እኔም ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ምንም አልሰማሁም።